ጠላው አልፈላ ሲል

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት ተማሪ ራስ ምታት ነው። ባለፈው ታኅሣሥ 12 ቀን ጠዋት፥ ሐይቅ ከተማ በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ትምህርት እየሰጠሁ ሳለ፥ ሁልጊዜ እጅዋን ቀድማ የምታወጣው ልጅ ግንባሯን በመዳፏ ደግፋ ዓይኗን ጨፍና አየኋት። ልጅቱ የአከራዬ የልጅ ልጅ ናት፤ እኔ ከምኖርባት ክፍል በአንድ ግድግዳ ብቻ በተለየው ቤት ከአያቷ ጋር ትኖራለች።

«ምን ሆንሽ?» አልኋት።

«ራሴን ያመኛል መምህር፤ ትናንትም አሞኝ ነበር። ከቤት ወጥቼ ትንሽ ስቆይ ግን ይተወኛል።»

ከቤት ሲወጡ የሚተው ራስ ምታት ሰውን ሊያሳስበው ይገባል። ማታ ቤት ውስጥ እሳት ያድር እንደሆነ ጠየቅኋት። «አያቴ ለጠላው ብላ ከሰል ታሳድራለች» አለችኝ። ጠላ ከመቼ ወዲህ ነው ከሰል የሚሞቀው ብዬ ስገረም፥ «አልፈላ ብሏት ነዋ!» ብላ አስረዳችኝ፤ ክፍሉም ሳቀ።

አንባቢዎቼ፥ ነገሩ ለሳቅ የሚሆን እንዳልሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ከትምህርት ቤት ወይም ከመሥሪያ ቤት ስትመለሱ እናታችሁ ወይም ባለቤታችሁ ጋኑ አፍ ላይ ጆሮዋን ደቅና ስታዳምጥ ያላያችሁ ጥቂቶች ናችሁ። የአከራዬ የማኅበር ተራ ታኅሣሥ 17 ቀን ነበር፤ ይኸውም የእስጢፋኖስ ማኅበር ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑት፥ ቀድሞ በሐይቁ መካከል ደሴት የነበረ፥ ዛሬ ግን በየብስ የተያያዘ የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት አይገባበትም። አከራዬም ዕድሜያቸውን ሙሉ ከበራቸው ላይ ቆመው ከውኃው ማዶ ይሳለሙታል እንጂ ደጁን ረግጠውት አያውቁም። ስለዚህ ማኅበሩ ለእሳቸው ትልቅ ነገር ነው። ወሩም የነቢያት ጾም ስለሆነ ወጡ ሽሮ ነው፤ ሥጋና ቅቤ የለም። እንዲህ ባለው ወር ድግሱ የሚመሰገነውም የሚታማውም በጠላው ነው።

ማታ ስገባ በቀጥታ ወደ ጓዳ ሄድሁ። ጓዳው ጠባብ ነው፤ ከጋኑ አጠገብ የልጅቱ አልጋ ተዘርግቷል፤ መስኮቱ ለብርዱ ተብሎ በአሮጌ ልብስ ተወትፏል፤ በመካከል ማንደጃው ላይ ፍም ይንቦገቦጋል። ከሰላምታ በፊት ማንደጃውን አንሥቼ ወደ ውጭ አወጣሁትና መስኮቱን ከፈትሁት። አከራዬ «ምነው ልጄ፥ እንደገና ልታበርድብኝ ነው?» ብለው ደነገጡ።

እዚህ ላይ ጠላውን ለጥቂት ጊዜ እንተወውና ስለ ከሰሉ ልንገራችሁ፤ ከጽሑፌ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልኝ። ከሰል አየር በሚያንሰው ቤት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም ጭስም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይህንን ጋዝ ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዘው፥ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ይታፈናል። ምልክቱ ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽ፥ ድካምና እንቅልፍ ነው፤ የተኛ ሰው ደግሞ ምልክቱ ሳይሰማው ያልቅለታል። በብርድ ወራት ቤት ዘግተው ከሰል አንድደው ተኝተው በዚያው ስለቀሩ ሰዎች በየጊዜው የምንሰማው ከዚህ የተነሣ ነው። ልጅቱ ሁለት ሌሊት እዚያ አድራለች። ይህንን ለአያቷ በነገርኋቸው ጊዜ መደብ ላይ ተቀመጡና ለብዙ ደቂቃ አልተናገሩም።

በኋላ ሳስበው ስሕተቱ ከቋንቋችን ሳይመጣ አልቀረም እላለሁ። እኛ ውኃም ፈላ እንላለን፥ ጠላም ፈላ እንላለን። የጀበናው መፍላት ከእሳት ስለሆነ የጋኑም መፍላት እሳት የጎደለው ይመስለናል። ነገር ግን ጋን ውስጥ የሚንተከተከው በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ስኳር እየበሉ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ሲያወጡ ነው። እነዚህም እርሾዎች ናቸው። ጋኑ አልፈላም ማለት እንግዲህ ወይ የሚበሉት የላቸውም፥ ወይ በርዷቸው ተኝተዋል፥ ወይ ሞተዋል ማለት ነው። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ መድኃኒት መፈለግ በሽታውን ሳያውቁ ኪኒን እንደመዋጥ ነው።

ጠላ እንዴት እንደሚጠመቅ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል፤ የሆነ ሆኖ ለነገሩ ያህል፦ ጌሾው ተወቅጦ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ቂጣውና ብቅሉ ገብቶ ጥንስስ ይሆናል፤ ከዚያም አሻሮው ተጨምሮ ድፍድፍ ይባላል፤ በመጨረሻ ውኃው ሞልቶ ጋኑ ይመረጋል። ከእነዚህ ውስጥ ስኳር የሚያወጣው ብቅል ነው። እህል በራሱ ስታርች እንጂ ስኳር አይደለም፤ እርሾም ስታርች መብላት አይችልም። ገብሱ በቅሎ ሲደርቅ በውስጡ የሚፈጠረው ኤንዛይም ስታርቹን ቆራርጦ ስኳር ያደርግለታል። ሁለት ፈረንሳዮች፥ ፓየንና ፐርሶ፥ ይህንን ኤንዛይም ከብቅል ለይተው ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1833 ነበር። የእኛ እናቶች ስሙን ባያውቁትም ያለ ብቅል ጠላ እንደሌለ ከዚያ አስቀድመው ያውቁ ነበር።

«እማማ፥ ቀምሰውታል?» አልኋቸው።

«ጣፋጭ ነው። እንዲያውም ከልክ በላይ ይጣፍጣል።»

ይህ ጥሩ ወሬ ነበር። ድፍድፍ ጣፍጦ ካልፈላ ብቅሉ ሥራውን ሠርቷል፤ ስኳሩ አለ፤ የጠፋው በላተኛው ነው። ጣዕሙ ዱቄት ዱቄት ብሎ ጣፋጭነት ከሌለው ግን ጥፋቱ የብቅሉ ነው። ሳይፈላ ከኮመጠጠ ደግሞ ከእርሾው ቀድመው ሌሎች ባክቴሪያዎች ጋኑን ይዘውታል፤ ያን ማዳን ይከብዳል። ምላስ እንዲህ ያለ መሣሪያ ነው።

ለማረጋገጥ ያህል ክብሪት ጫርሁና ወደ ጋኑ አፍ ዝቅ አደረግሁት። የሚሠራ ጋን ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከአየር ስለሚከብድ በድፍድፉ ላይ ይተኛል፤ እሳት ሲያገኝ ያጠፋዋል። ያን ዕለት ግን ክብሪቱ ጣቴን እስኪለበልበኝ ድረስ በሰላም ነደደ። ከትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ያመጣሁትን ቴርሞሜትር በገመድ አሥሬ ሳወርደው 14 ዲግሪ አለ። ጠላ የሚያፈላው እርሾ ደስ የሚለው ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው፤ በ10 ዲግሪ ዝቅ ሲል ሥራው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ሐይቅ ወደ 2,000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የታኅሣሥ ሌሊቷ ቀልድ አያውቅም። ከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ደሴ ደግሞ ከዚህም በላይ ከፍ ስለምትል፥ እዚያ የምትኖሩ አንባቢዎቼ ነገሩን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

ታዲያ ሁለት ሌሊት የነደደ ከሰል ጋኑን እንዴት አላሞቀውም? የሞቀው አየር ወደ ጣራ ይወጣል፤ ጋኑ ግን የተቀመጠው ከቀዝቃዛው መሬት ላይ ነው። ሌላም ምክንያት አለ። እንስራ በበጋ ውኃችንን የሚያቀዘቅዝልን ሸክላው ጥቂት ጥቂት ስለሚያልበውና ላቡ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። ጋንም ሸክላ ነው። በግንቦት የምናመሰግነው ጠባይ በታኅሣሥ ይበቀለናል።

ይህን ሁሉ ስናወራ ጎረቤቶች ገቡ። አንዷ ወደ ጋኑ አየት አድርገው «ኧረ ይኼ የሰው ዓይን ነው» አሉ። አከራዬ መልስ አልሰጡም፤ እኔም አልተከራከርሁም። ሁለተኛዋ ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው፤ ጠላ አይቀምሱም፤ በማኅበሩ ቀን ቀሪቦ ለብቻ ይዘጋጅላቸዋል። እሳቸው ግን ነገሩ ብርድ መሆኑን በሰሙ ጊዜ «እታለም፥ ታዲያ አልብሺዋ!» አሉና ከቤታቸው አንድ ወፍራም ብርድ ልብስና አንድ ጆንያ ጭድ አስመጡ። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ከተናገርሁት ሁሉ ይህ አንድ ቃል ይበልጥ ነበር ብል አላፍርም።

ብርድ ልብስ ግን ያለውን ሙቀት ይጠብቃል እንጂ አዲስ ሙቀት አይፈጥርም። በ14 ዲግሪ የተኛውን መቀስቀስ ያስፈልግ ነበር። ልጅቱን አስጠርቼ ሒሳብ ሠራን። ድፍድፉ 40 ሊትር ያህል ነው እንበል፤ 20 ሊትር ውኃ በ40 ዲግሪ ብንጨምርበት፥ 40 በ14 ሲባዛ 560፥ 20 በ40 ሲባዛ 800፥ ድምሩ 1,360 ለ60 ሲካፈል ወደ 23 ዲግሪ ይደርሳል። እኔ በዚህ ደስ ብሎኝ ሳለ አከራዬ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «የውኃው ጊዜ ገና ነው፤ ድፍድፉ ሳይበስል ውኃ ካበዛህበት ቅራሪ ታጠጣኛለህ» አሉ። እውነታቸውን ነበር። በ10 ሊትር ታረቅን፤ ይህም ወደ 19 ዲግሪ ያመጣዋል። ውኃው አስቀድሞ ፈልቶ፥ ጣት ገብቶ ሳይለበልብ መቆየት እስኪችል ድረስ ቀዘቀዘ፤ ከዚያም እያማሰሉ ቀስ በቀስ ጨመሩት። ማማሰሉ ራሱ ጥቅም አለው፤ ወደ ሥር የወረደውን እርሾ ያስነሣዋል፤ ጥቂት አየርም ይሰጠዋል። እርሾ ለመባዛት መጀመሪያ ላይ አየር ይወዳል። መፍላት ከጀመረ በኋላ ግን ክዳን እየከፈቱ ማማሰል ጠላውን ወደ ኮምጣጤ መንዳት ነው።

ከዚህ በላይ ወሳኙ ነገር ከአጥር ማዶ መጣ። የዓይን ነገር ያነሡት ጎረቤት በዚያው ሳምንት ደኅና አድርጎ የሚፈላ ድፍድፍ ነበራቸው፤ ከእሱ ሁለት ጣሳ ሰጡን። በሁለት ጣሳ ድፍድፍ ውስጥ ያለው የነቃ እርሾ ቁጥር ለማሰብም ይከብዳል። ጋኑን በጭድ ከበን፥ በብርድ ልብስ ጠቅልለን፥ አፉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፈንን፤ ልጅቱም አልጋዋን ወደ አያቷ ክፍል አዛወረች።

ያን ሌሊት የእኔም እንቅልፍ ቀላል አልነበረም፤ ለማያዳግም ነገር አፌን ሞልቼ ተናግሬአለሁና። ተኝቼ ሉዊ ፓስተር ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1856 ፓስተር በሊል ከተማ ሲያስተምር፥ ከቀይ ሥር አልኮል የሚያወጣ አንድ የከተማው ባለ ፋብሪካ በርሜሎቹ እየተበላሹበት ቸግሮት ወደ እሱ መጣ። የሰውየው ልጅ የፓስተር ተማሪ ነበር። ፓስተር ከደኅናው በርሜል ጠብታ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ክብ ክብ የሆኑ እርሾዎች አገኘ፤ ከተበላሸው በርሜል ሲያይ ግን ከእነሱ የሚያንሱ፥ ዘንግ የመሰሉ ሌሎች ፍጥረቶች ሞልተውበታል። በዚያ ዘመን ታላላቅ የኬሚስትሪ ሊቃውንት መፍላትን ሕይወት የሌለበት መበስበስ ነው ይሉ ነበር፤ ፓስተር ግን በሚቀጥለው ዓመት ስለ ወተት መኮምጠጥ ባወጣው ጽሑፍ ሥራው የሕያዋን እንደሆነ ተናገረ። ኋላም ኤድዋርድ ቡክነር የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1897 ከተፈጨ እርሾ የተጨመቀ ውኃ ብቻውን ስኳርን ወደ አልኮል እንደሚለውጥ አሳየና፥ ሠራተኛው በእርሾው ውስጥ ያለው ኤንዛይም እንደሆነ ታወቀ፤ ለዚህም በ1907 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዛሬ በኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ ቢኬድ ሙቀቱ በመሣሪያ ይጠበቃል፤ የእርሾው ዘርም ተመርጦ ይገባል። የአከራዬ ጓዳ ግን መሣሪያው አንድ ቴርሞሜትር፥ ዘሩም ሁለት ጣሳ ነበር።

በ13 ጠዋት ምንም አልነበረም። ማታ አከራዬ ጆሯቸውን ደቅነው «አንድ ነገር ሹክ ይላል» አሉ፤ እኔ አልሰማሁም። ቴርሞሜትሩ 20 ያሳይ ነበር። በ14 ጠዋት ልጅቱ በሬን ደበደበች፤ ድፍድፉ ከፍ ብሎ አረፋ ደፍቷል፤ ሙቀቱም 22 ደርሷል። እርሾ ሲሠራ ራሱ ሙቀት ስለሚያወጣ ከዚያ ወዲያ የእኛ እርዳታ አላስፈለገውም። ክብሪት ጭራ ወደ ጋኑ ስታወርደው፥ አፍ ያለው ሰው እፍ ያለበት ይመስል ጥፍት አለ። ሁለተኛም ጫረች፤ ሦስተኛም ጫረች።

እንግዲህ የእናንተ ጋን ከዚህ በተለየ ምክንያት የተኛ እንደሆነ ጥቂት ልጨምር። ብዙ ጊዜ ጥንስስ የሚገደለው በችኮላ ነው። ቂጣው ከምጣድ ላይ እንደወረደ፥ አሻሮው ከማመሻው እንደተነሣ ትኩሱን ከገባ፥ እርሾው በ50 ዲግሪ ሙቀት ደቂቃዎችን አይቆይም። እንዲህ የሞተው ሲሞቅ አይነቃም፤ አዲስ ዘር ይፈልጋል። ጎረቤት የሚፈላ ድፍድፍ ከሌለው ሱቅ የሚሸጠው የዳቦ እርሾ ዘመዱ ነው፤ በለብታ ውኃና በቁንጥር ስኳር ቀስቅሶ ጥቂት ማግባት ይቻላል፤ ጣዕሙ ግን ትንሽ ይለወጣል። የእንጀራ እርሾ አይሆንም፤ ማኮምጠጥ እንጂ አልኮል ማብዛት ሥራው አይደለም። ጌሾ መጨመርም አይጠቅምም፤ ምሬት ያበዛል እንጂ የተኛውን አይቀሰቅስም።

ስኳር መጨመርን በሚመለከት ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። በከተማ ጠላ አልፈላ ሲል ስኳር ጣል ማድረግ ልማድ ሆኗል። በላተኛው ተኝቶ ሳለ ምግብ ማብዛት ምን ይረዳል? ከዚህም ይልቅ አደጋ አለው፤ ጠላው ጄሪካን ውስጥ ተከድኖ ሳለ እርሾው ቀኑ ሞቆለት ከነቃ፥ ስኳሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲያነሣው ጄሪካኑ ይነፋል፥ ክዳኑም ይፈነጠራል። ጠላው ራሱም ሰካር እንጂ ጣዕም የለውም።

ብቅልን በተመለከተ ልጅቱ በማግሥቱ ላቦራቶሪ ውስጥ የሠራችውን ልንገራችሁ። ቀጭን ገንፎ አብስላ ለብ ሲል በሁለት ብርጭቆ ከፈለችው፤ በአንዱ ከአያቷ ቤት ያመጣችውን ብቅል፥ በሁለተኛው እርጥበት ነክቶት የሻገተ የገበያ ብቅል ነሰነሰችበት። ከአንድ ሰዓት በኋላ በየብርጭቆው አዮዲን ጠብ አደረገች። አዮዲን ስታርች ሲያገኝ ሰማያዊ ወደ ጥቁር ይለወጣል፤ የሻገተው ብቅል ብርጭቆ እንደ ቀለም ጠቆረ፤ የአያቷ ግን ቡናማ እንደሆነ ቀረ። አዮዲን የሌላችሁ አትቸገሩ፤ ደኅና ብቅል የገባበት ለብ ያለ ገንፎ በዚያው ሰዓት ቀጥኖ ይጣፍጣል፤ የሞተ ብቅል የገባበት እንደወፈረ ይቀራል። ብቅል ከመግዛታችሁ በፊት እፍኝ ወስዳችሁ ይህን ብትሞክሩ አንድ ጋን እህል ታድናላችሁ።

ታኅሣሥ 15 ቀን ውኃው ሞላ፤ ጋኑ ተመረገ። በ17 ማኅበርተኞቹ ተሰበሰቡ፤ ጸሎቱ ከደረሰ በኋላ ጠላው ተቀዳ። ሁለት ቀን ቢጨመርለት የተሻለ ይሆን እንደነበር አልክድም፤ ጉሽ ነው፥ ጥቂትም ጣፋጭነት ቀርቶበታል። አንድ ሽማግሌ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩና «ገና ልጅ ነው» አሉ፤ ከዚያም ጨልጠው እንደገና እንዲቀዳላቸው ሰጡ። አከራዬ ከበሩ አጠገብ ቆመው ስንት ብርጭቆ እንደተመለሰ ይቆጥሩ ነበር፤ ማንም ተርፎት አልመለሰም።

ማንደጃው አሁን ግቢ ውስጥ ከዛፉ ሥር ነው፤ ቡና ይፈላበታል። ልጅቱ ራሷን አሟት አያውቅም፤ ይልቁንም ክብሪት ይዛ በጎረቤት ጋን ሁሉ እየዞረች ማጥፋት ያዘች። ባለፈው ቅዳሜ አከራዬ «ክብሪቴን ጨረሰችብኝ፤ ያስተማርሃት አንተ ነህ» ብለው ከሰሱኝ፤ እኔም አንድ ፓኮ ክብሪት ገዝቼ ካሥሁ።